ሊዮናርድ ኮኸን ገጣሚ ነበር ወይስ ዘፋኝ? አስመራስ ሄዷል?

ጥያቄውን ላስቀድም። አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «32 ዓመቴ ነው። አንድ የግጥም መድበል አሳትሜያለሁ፤ አብዛኛው አሁንም በካርቶን አልጋዬ ስር ነው። ጓደኛዬ ‹ሊዮናርድ ኮኸንም ግጥሙ አልሸጥ ሲለው ነው በ33 ዓመቱ ዘፋኝ የሆነው፣ አንቺም ጊታር ተማሪ› አለችኝ። እውነት ነው? ሰውየው ገጣሚ ነው ዘፋኝ? ደግሞ አንዱን ዘፈኑን አስመራ ሆኖ ጻፈው ሲባል ሰምቻለሁ። ይሄስ?»

እህቴ፣ ሦስት ነገር ብትጠይቂም መልሱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። የዘፈን ግጥም ሳስተምር የኮኸን ነገር ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ የለም፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ባጭሩ፦ አዎ፣ የመጀመሪያ አልበሙ ሲወጣ 33 ዓመቱ ነበር። አዎ፣ ገንዘብ ቸግሮት ነበር። አዎ፣ አስመራ ሄዷል፣ እዚያም አንድ ዘፈን ጨርሷል። ጓደኛሽ የሳተችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ግጥም ትቶ ወደ ዘፈን አልሄደም። ግጥሙን ይዞ ነው የሄደው። ያንን አንድን ስንኝ ለዓመታት የማሸት፣ የመሰረዝ፣ እንደገና የመጀመር ልማዱን ሳይጥል ነው ስቱዲዮ የገባው። ሕይወቱን ስታውቂ ይሄ ይገባሻል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።)

የተወለደው ሴፕቴምበር 21, 1934 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ዌስትማውንት የሚባል የሀብታሞች ሰፈር ነው። ስሙን ልብ በይው። ኮኸን ማለት የእኛው «ካህን» ነው፤ ዕብራይስጡና ግዕዙ አንድ ሥር አላቸው። ልጅ ሆኖ የካህኑ የአሮን ዘር ነህ እየተባለ ነው ያደገው። አያቱ ላየን ኮኸን የካናዳ አይሁድ ኮንግረስ መሥራች ፕሬዚዳንት ነበሩ፣ የእናቱ አባት ደግሞ ታልሙድ (የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ያስተማሩ ረቢ። እንግዲህ በአንድ በኩል የልብስ ፋብሪካ ያለው፣ ጥሩ ሙሉ ልብስ የሚለብስ ቤተሰብ፣ በሌላ በኩል መጽሐፍና ጸሎት። ሁለቱም እስከ መጨረሻው አልተለዩትም።

አባቱ የሞተው ልጁ ገና 9 ዓመቱ ሳለ ነው። ከቀብሩ በኋላ ትንሹ ሊዮናርድ የአባቱን አንድ የቢራቢሮ ክራቫት ወሰደ። ስፌቱን ተረተረው፣ በወረቀት ጥቂት ቃል ጽፎ ውስጡ ከተተ፣ ከዚያ ጓሮ ወስዶ ቀበረው። በኋላ ላይ የመጀመሪያ ጽሑፌ ያ ነው ብሏል። እኔ ስለ ኮኸን ስናገር ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው። ማንም እንዲያነበው አልጻፈውም። ግን ጻፈው፣ በጥሩ ጨርቅ ጠቀለለው፣ በሥርዓት አስቀመጠው።

በ15 ዓመቱ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጥበት ሱቅ የስፔናዊውን የፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካን ግጥሞች አገኘ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሴት ልጁን «ሎርካ» ብሎ ነው የሰየማት። ጊታር እንዴት እንደተማረ ደግሞ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም ለአንቺ ጥያቄ ዋናው እሱ ነው።

ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ሉዊስ ዱዴክ አስተማረው፤ ኧርቪንግ ሌይተን የሚባለው ገጣሚ ደግሞ አስተማሪውም የዕድሜ ልክ ወዳጁም ሆነ። የመጀመሪያ መድበሉ በ1956 ወጣ። ከዚያ በ1961 ሁለተኛው፣ በ1964 ሦስተኛው፣ በ1966 አራተኛው። በመሃል በ1963 እና በ1966 ሁለት ልቦለዶች። ቁጠሪያቸው። አራት የግጥም መጽሐፍና ሁለት ልቦለድ፣ ይሄ ሁሉ ከመጀመሪያው አልበም በፊት ነው። በ1965 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ዘጋቢ ፊልም የሠራለት በገጣሚነቱ ነው። ስለዚህ «በ33 ዓመቱ ጀመረ» የሚለው ወሬ ግማሹን ቆርጦ ጥሎታል። በ33 ዓመቱ የ10 ዓመት ልምድ ያለው ጸሐፊ ነበር።

ግን እነዚህ መጻሕፍት እንጀራ አላበሉትም። ይሄን ላስረዳሽ።

በ1959 ከካናዳ መንግሥት የጥበብ ድጋፍ አግኝቶ ለንደን ሄደ። እዚያ ሁለት ነገር ገዛ፦ ሰማያዊ የዝናብ ካፖርትና ኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና። ያከራየችው ሴትዮ በቀን ሦስት ገጽ ካልጻፍክ ቤቴ አትቀመጥም አለችው። ጻፈ። አንድ ቀን ዝናቡና ብርዱ ሲመርረው የግሪክ ባንክ ቅርንጫፍ አይቶ ገባ። ገንዘብ ከፋዩ ፀሐይ የጠበሰው ፊት አለው፣ መነጽርም አድርጓል። ከየት ነህ ሲለው ከግሪክ ነው የመጣሁት፣ እዚያ ጸደይ ነው አለው። ብዙም ሳይቆይ ኮኸን ግሪክ ነበር።

ሃይድራ የምትባል ደሴት ላይ በ1960 ቤት ገዛ። ዋጋው 1500 ዶላር፣ ከሞተች አያቱ በወረሰው ገንዘብ። የቧንቧ ውሃ የለም፣ መብራት የለም። ኑሮው ርካሽ ነው፣ ስለዚህ መጻፍ ይቻላል። ማሪያን ኢህለን ከምትባል ኖርዌያዊትና ከትንሽ ልጇ ጋር እዚያ ኖረ። ጠዋት ይጽፋል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ካናዳ ተመልሶ ትንሽ ሠርቶ ይመጣል። የስልክ ሽቦ ደሴቲቱ ላይ ሲዘረጋ ተናዶ በመስኮቱ ሲያይ፣ ወፎች መጥተው ሽቦው ላይ ሲቀመጡ አየ። «በርድ ኦን ዘ ዋየር» የሚለው ዘፈን የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ አስቢው፣ ያስጠላው ሽቦ ነው ዘፈን የሆነለት።

በ1966 ሁለተኛው ልቦለዱ ሲወጣ ሃያስያን ብዙ ጻፉበት፣ ገዢ ግን አልነበረም። የአስቤዛ ሂሳቤን መክፈል አቃተኝ ይላል በኋላ ሲያወራ። እና ምን አሰበ? ናሽቪል ሄጄ የካንትሪ ዘፋኝ ልሁን። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር የካንትሪ ባንድ ስለነበረው ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አልነበረም። ናሽቪል ሳይደርስ ግን ኒውዮርክ ላይ ቀረ፤ የፎክ ሙዚቃው እሳት ላይ ነበራ። እዚህ ድረስ ጓደኛሽ ልክ ናት። ገንዘብ ነው የገፋው።

ጁዲ ኮሊንስ የምትባለው ታዋቂ የፎክ ዘፋኝ ቤት ሄደ። እሷ ስትተርክ፣ መዝፈን አልችልም፣ ጊታርም በደንብ አልችልም፣ ይሄም ዘፈን ይሁን አይሁን አላውቅም ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ «ሱዛን»ን ዘፈነላት። በዚያው በ1966 ባወጣችው አልበም ላይ ቀዳችው።

«ሱዛን» ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ግጥሙ በዚያው ዓመት በአራተኛው መድበሉ ታትሟል። ማለትም መጽሐፍ ውስጥ ያለ ግጥም ነው። ሱዛን ቬርዳል የምትባል ሞንትሪያል የምትኖር ዳንሰኛ ነበረች፣ ከወንዙ አጠገብ። የምታቀርብለት ሻይ የብርቱካን ልጣጭ የተቀላቀለበት ነው። በአቅራቢያው የመርከበኞች ቤተ ክርስቲያን የሚሏት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አለች። ዘፈኑ ውስጥ ሻዩ አለ፣ ወንዙ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኗ አለች። ከዚያ በሁለተኛው ክፍል በድንገት ኢየሱስ መርከበኛ ሆኖ ይመጣል። ሰው ይሄን ሲሰማ ምሥጢር ነው፣ ረቂቅ ነው ይላል። እኔ ግን ተማሪዎቼን የምላቸው መጀመሪያ ሻዩን እዩት ነው። ከተጨባጭ ነገር ነው የሚነሳው። አንድ ስኒ ሻይ በደንብ ካስቀመጠልሽ በኋላ ወደ ፈለገበት ቢወስድሽ ታምኚዋለሽ።

የዚህን ዘፈን መብት በሚያሳዝን ውል አጥቷል፣ ለብዙ ዓመት ከሱ ገንዘብ አላገኘም። ውል ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ይሄን እንደ ባለሙያም እንደ ታላቅ ወንድምም ነው የምልሽ።

በ1967 ጁዲ ኮሊንስ ኒውዮርክ መድረክ ላይ አወጣችው። «ሱዛን»ን ጀመረ፣ እግሩ ተንቀጠቀጠ፣ መሃል ላይ አቁሞ ጥሎ ወጣ። ሕዝቡ ተመለስ እያለ ጮኸ። እሷ እጁን ይዛ መለሰችው፣ አብራው ዘፈነች፣ ጨረሱት። በ32 ዓመቱ መድረክ ላይ ፈርቶ የሸሸ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ ኮሎምቢያ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሰው ጆን ሃሞንድ፣ ቦብ ዲላንን ያስፈረመው ሰው፣ ቼልሲ ሆቴል ያለው ክፍሉ ድረስ መጥቶ አዳመጠውና አስፈረመው። የመጀመሪያው አልበም በ1967 ዲሴምበር መጨረሻ ወጣ።

ግጥሙንስ ተወው? በፍጹም። የተመረጡ ግጥሞቹ ታትመው የ1968ቱ የካናዳ ትልቁ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት፣ የጠቅላይ ገዢው ሽልማት ተሰጠው። አልቀበልም አለ። ውስጤ ብዙ ነገር ይሄን ክብር ይመኛል፣ ግጥሞቹ ራሳቸው ግን ፈጽሞ ይከለክላሉ የሚል መልእክት ላከ። ከዚያ በኋላም እስኪሞት ድረስ የግጥም መጽሐፍ ማውጣቱን አላቆመም። የመጨረሻው፣ በ2018 የታተመው፣ ከሞተ በኋላ ነው የወጣው።

አሁን ወደ አስመራ።

ኦክቶበር 6, 1973 በአንድ በኩል በእስራኤል፣ በሌላ በኩል በግብፅና በሶሪያ መካከል ጦርነት ተነሳ፣ በአይሁድ የስርየት ቀን። ኮኸን ሃይድራ ነበር፣ ከልጁ ከአዳምና ከእናቱ ከሱዛን ኤልሮድ ጋር። (የዘፈኗ ሱዛን ሌላ ናት፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።) በዚያ ጊዜ ትዳር መሰል ኑሮው ተበላሽቶ፣ ሙዚቃውም ሰልችቶት ነበር። ተነስቶ ቴል አቪቭ ሄደ። እርሻ ላይ ልሥራ ብሎ ነው የሄደው። ካፌ ውስጥ የእስራኤል ሙዚቀኞች አይተው ለዩት፣ ሲና በረሃ ወስደው ለወታደሮች አዘፈኑት። የኔ ዘፈን ያሳዝናል፣ ለወታደር አይሆንም ብሎ ነበር ይባላል። መድረክ የለም። በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ አሸዋ ላይ፣ አንዳንዴ በቀን ብዙ ጊዜ። ከሙዚቀኞቹ አንዱ ማቲ ካስፒ አብሮት ጊታር ይመታ ነበር።

አንድ ነገር ጽፎ ትቷል። ሄሊኮፕተር ቁስለኞች ይዞ ያርፋል፣ እሱ ያያቸዋል፣ ያለቅሳል። አንድ ሰው እነዚህኮ ግብፃውያን ናቸው ይለዋል። ቅልል ይለዋል። ወዲያው ደግሞ እንዲያ ቅልል ስላለው ራሱን ይጠላል። ይሄን ስታውቂ በ1974 ከወጣው አልበሙ ላይ ያለው «ሁ ባይ ፋየር» ሌላ ይሆንብሻል። ያ ዘፈን በአይሁድ አዲስ ዓመትና በስርየት ቀን የሚጸለየውን «ዑነታኔ ቶኬፍ» የተባለ ጥንታዊ ጸሎት መነሻ ያደረገ ነው፦ በዚህ ዓመት ማን በእሳት፣ ማን በውሃ ይሞታል የሚል። ልጅ ሆኖ ምኩራብ ውስጥ ሰምቶታል። ኮኸን በዘፈኑ አንጓ (ቁጥር) መጨረሻ አንድ ጥያቄ ጨመረበት፦ ይሄን የሚጠራውስ ማን ልበል? የጸሎቱን ቅርጽ አልነካውም፣ ጥያቄዋን ብቻ ጣል አደረገባት።

ከሲና ወጥቶ ነው አስመራ የሄደው። ያኔ አስመራ በኢትዮጵያ ሥር ነበረች። በእኛ አቆጣጠር 1966 ዓ.ም. ነው፤ የወሎ ረሃብ የታወቀበት፣ የካቲት 66 ደጅ ላይ የቆመበት ጊዜ። እዚያ ሆቴል ውስጥ ሆኖ «ቼልሲ ሆቴል ቁጥር 2» የሚባለውን ዘፈን ጨረሰ። ወሬ አይደለም፤ በ1975 ያወጣው የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ላይ በራሱ ማስታወሻ ጽፎታል። ማያሚ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ባንኮኒ ላይ በ1971 ጀመርኩት፣ ዙፋኑ ሊገለበጥ ትንሽ ሲቀረው አስመራ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ጨረስኩት ይላል። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑን እናውቃለን።

የሰማሽው ላይ አንድ እርማት ግን አለ። ዘፈኑ ስለ አስመራ አይደለም። ስለ ኒውዮርኩ ቼልሲ ሆቴልና እዚያ ስላገኛት፣ በ1970 ስለሞተችው ስለ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ስለ ጃኒስ ጆፕሊን ነው። መጀመሪያ ላይ ማን እንደሆነች አይናገርም ነበር። በኋላ መድረክ ላይ ስሟን መጥራት ጀመረ፤ ይሄን በማድረጉ እስከ መጨረሻው ተጸጽቷል፣ በአደባባይም ይቅርታ ጠይቆበታል። እኔም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም።

ደግሞ «ቁጥር 2» የምትለዋን አትለፊያት። በ1972 ኮንሰርቶቹ ላይ ሌላ ቅጂ ይዘፍን ነበር፣ ረዘም ያለ። አልወደደውም። ከማያሚ እስከ አስመራ ሁለት ዓመት ተሸክሞት ዞሯል። እኛ አገር ሰው «አስመራ ተጻፈ» ሲል ደስ ብሎት የሚያወራው ስለ ቦታው ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ግን «ጨረስኩት» የሚለው ቃል ነው። በረሃ ላይ ቁስለኛ ሲያይ ቆይቶ፣ አገር ለቆ፣ ሩቅ ከተማ ሆቴል ገብቶ ያልጨረሳቸውን ስንኞች አወጣ።

ይሄ ልማዱ በጣም የታየው «ሃሌሉያ» ላይ ነው። እሱን ሳትሰሚ አትቀሪም። ወደ 80 የሚጠጋ ቁጥር ጽፎለታል ይባላል። ኒውዮርክ ሮያልተን ሆቴል በውስጥ ሱሪ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጭንቅላቴን ከወለሉ ጋር እያጋጨሁ ይሄን ዘፈን መጨረስ አልችልም እል ነበር ብሏል። ፓሪስ ውስጥ ቦብ ዲላን ስንት ጊዜ ፈጀብህ ሲለው ሁለት ዓመት አለው። ከዚያም በላይ ነበር፣ አፍሮ ነው ያሳነሰው። የዲላንን አንድ ዘፈን ጠቅሶ አንተስ ሲለው፣ 15 ደቂቃ አለው። ሁለቱም ትልቅ ናቸው። ሁለት ዓይነት ሰው ነው።

እኔ ይሄን ዘፈን ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። የመጀመሪያዋ ቁጥር ላይ ነው የቆምኩት፣ እንዲህ ስላለች፦ ዳዊት ሚስጥራዊ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) መታ፣ እግዚአብሔርን ደስ አሰኘ ይልና ኮርዱን ይተነትናል፤ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ማይነሩ ሲወርድ፣ ሜጀሩ ሲነሳ። እነዚህን ቃላት በሚዘፍንበት በዚያችው ቅጽበት ሙዚቃው ራሱ ያንኑ ያደርጋል። በሲ ቁልፍ ከመታሽው «አራተኛው» ሲል ኤፍ፣ «አምስተኛው» ሲል ጂ፣ «ማይነር» ሲል ኤ ማይነር፣ «ሜጀር» ሲል እንደገና ኤፍ ነው። ቃሉ ሰም ከሆነ ወርቁ ጣቶቹ ስር ነው ያለው። በአማርኛ ዳዊት ሲባል በገና ነው የሚታየን፣ በገና ደግሞ ኮርድ የለውም፣ ስለዚህ ቃሉን ብመልሰው ሙዚቃው ይጠፋል፣ ሙዚቃውን ብጠብቅ ዳዊቱ ይጠፋል። ተውኩት። ቤት የሚመታበትም መንገድ እንደዚያው ነው፤ ከዳር እስከ ዳር «ሃሌሉያ» ከሚለው ቃል ጋር የሚገጥም ድምፅ ነው የሚፈልገው፣ ለዚህ ሲል የሠፈር እንግሊዝኛ ሁሉ ይጠቀማል።

ብዙ ሰው መዝሙር ይመስለዋል። በሠርግ ይዘፈናል፣ በቤተ ክርስቲያንም ይዘፈናል። ውስጡ ያለው ግን ቤርሳቤህ ጣሪያ ላይ ስትታጠብ ያያት ዳዊትና በደሊላ ፀጉሩን የተላጨው ሶምሶን ናቸው። የወደቀ ሰው ሃሌሉያ ነው። ለዚህ ነው እኔ የምወደው።

ለመሆኑ ይሄ ዘፈን ሲወጣ ምን ሆነ? ምንም። የያዘውን አልበም በ1984 የአሜሪካው ኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አላወጣም አለ። ታላቅ እንደሆንክ እናውቃለን፣ ጥሩ መሆንህን ግን አላወቅንም ነው ያለው። ዘፈኑ በሰው ጆሮ የገባው በ1991 ጆን ኬል፣ በ1994 ደግሞ ጄፍ በክሊ ሲዘፍኑት ነው። 10 ዓመት።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። ዕድሜ ልኩን የድብርት ሕመም ነበረበት። ቀልድ አልነበረም፣ ጠዋት መነሳት የሚያቅት ዓይነት። መድኃኒት ሞከረ፣ መጠጥ ሞከረ። ከ1994 እስከ 1999 ካሊፎርኒያ ማውንት ባልዲ ተራራ ላይ ባለ የዜን (የቡድሂስት) ገዳም ኖረ፣ በሌሊት እየተነሳ በተመስጦ ይቀመጣል፣ ለሽማግሌው መምህሩ ለሳሳኪ ሮሺ ምግብ ያበስላል። በ1996 መነኮሰ። ይሁዲነቴን አልተውኩም፣ ሌላ ሃይማኖት አልፈለግኩም ይል ነበር። ከገዳሙ ከወረደ በኋላ፣ ስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ፣ ያ ድብርት ቀስ በቀስ ለቀቀው። ለምን እንደሆነ እሱም በውል አልተናገረም።

ከዚያ በ2004 ሌላ ነገር። ገዳም በነበረበት ጊዜ ገንዘቡን ይዛለት የነበረችው ማናጀሩ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳጎደለች ታወቀ። ከሰሰ፣ በ2006 ፍርድ ቤት 9 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት፣ ገንዘቡ ግን በእጁ አልገባም። በ70ዎቹ ዕድሜው የጡረታ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ለ15 ዓመት ትቶት ወደነበረው መድረክ ተመለሰ። ሜይ 11, 2008፣ 73 ዓመቱ ነው፣ ካናዳ፣ ፍሬደሪክተን ከተማ አንድ ትንሽ ቲያትር ውስጥ መዝፈን ጀመረ። እስከ 2010 መጨረሻ ዓለምን ዞረ። ሦስት ሰዓት ይዘፍናል፣ ተንበርክኮ ይዘፍናል፣ አብረውት ያሉት ሙዚቀኞች ተራቸው ሲሆን ኮፍያውን አውልቆ ያዳምጣቸዋል። በ2009 እስራኤል፣ ራማት ጋን ላይ ኮንሰርቱን የጨረሰው ጣቶቹን ከፍሎ የካህናቱን ቡራኬ በዕብራይስጥ ሕዝቡ ላይ በማንበብ ነው። ስሙን ልብ በይው ያልኩሽ ለዚህ ነበር።

እንግዲህ ጓደኛሽ «ገንዘብ ነው ዘፋኝ ያደረገው» ስትል ሁለት ጊዜ ልክ ናት፣ በ1966ም በ2008ም። ገንዘቡ ከቤት አስወጣው። መድረኩ ላይ ያቆመው ግን በቤቱ ሲያሸው የኖረው ስንኝ ነው።

በ2016 ጁላይ ማሪያን ልትሞት እንደሆነ ሰማ። ደብዳቤ ላከላት። እኔም አርጅቻለሁ፣ ከኋላሽ ቅርብ ነኝ፣ እጅሽን ብትዘረጊ የምታገኚኝ ይመስለኛል የሚል ነገር ነው። ጁላይ 28 ሞተች። እሱ ራሱ የመጨረሻ አልበሙን ቤቱ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየቀዳ ነበር፣ ልጁ አዳም ፕሮዲውስ እያደረገው። ቤተሰቡ ትውልድ በትውልድ ከሚሄድበት የሞንትሪያል ምኩራብ መዘምራንን አስገባበት። ርዕሱን የያዘው ዘፈን ውስጥ «ሂኔኒ» የሚል የዕብራይስጥ ቃል አለ፤ አብርሃም ሲጠራ የመለሰው ቃል ነው፣ እነሆኝ ማለት። አልበሙ ኦክቶበር 21 ወጣ። ኖቬምበር 7 ሎስ አንጀለስ ቤቱ ውስጥ ሞተ፣ በ82 ዓመቱ። ሞንትሪያል ወስደው ከወላጆቹ አጠገብ ቀበሩት፣ ከዚያ ነው ለዓለም የተነገረው።

ስለዚህ ጊታር ልማር ወይ ላልሽው ተማሪ። ግን ካርቶኖቹን አትጣያቸው። ከካርቶኑ አንድ ግጥም አውጪና ለሰው ጮክ ብለሽ ደጋግመሽ አንብቢው፤ አንደበትሽ የሚደናቀፍበትን ቦታ ምልክት አድርጊ። ኮኸን ከገጽ ወደ ዜማ የተሻገረው እዚያ ቦታ ላይ እየሠራ ነው። ዕድሜሽን ደግሞ እርሺው።

ጊታሩን በተመለከተ፣ ቃል የገባሁልሽ ታሪክ ይኸው። በ2011 ስፔን የአስቱሪያስ ልዑል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ሰጠችው፤ በሥነ ጽሑፍ ነው፣ በሙዚቃ አይደለም። ንግግር ሲያደርግ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልንገራችሁ አለ። ወጣት ሳለ እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ፣ ከቤቷ አጠገብ ባለ መናፈሻ አንድ ስፔናዊ ልጅ ፍላሜንኮ ሲጫወት አየ፣ ሰው ከቦታል። አስተምረኝ አለው። በደንብ አይግባቡም፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ነው። ልጁ እናቱ ቤት መጣ፣ የኮኸንን ጊታር ቃኘ፣ ስድስት ኮርዶችን አሳየው። ኮኸን አልቻለም። በማግስቱ መጣ፣ ጣቶቹን በገዛ እጁ ክሮቹ ላይ አስቀመጠለት። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ተሻለው። በአራተኛው ቀን አልመጣም። የሚያርፍበት ቤት ደወለ። ልጁ ራሱን አጥፍቷል አሉት።

ስለ ልጁ ምንም አያውቅም ነበር። ከየትኛው የስፔን ክፍል እንደመጣ፣ ለምን ሞንትሪያል እንደመጣ፣ ለምን እንዲያ እንዳደረገ። የዘፈኖቼ ሁሉ መሠረት እነዚያ ስድስት ኮርዶች ናቸው አለ። የመጀመሪያውን አልበም ስትከፍቺ ቀኝ እጁን አድምጪ፣ «ዘ ስትሬንጀር ሶንግ» የሚለው ላይ፤ ጣቶቹ ሳያቋርጡ ሲንከባለሉ የምትሰሚው የዚያን ልጅ የሦስት ቀን ትምህርት ነው።